የሚላመደው ማን ነው? ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን በተመለከተ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች የሞቱት የያዛቸው ባክቴሪያ መድኃኒትን በመላመዱ ምክንያት እንደሆነ ገምቷል። እንዲህ ያለው ባክቴሪያ ከሞታቸው ጋር የተያያዘባቸው ሁሉ ሲደመሩ ደግሞ ቁጥሩ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል። መድኃኒት እንደ ልብ የሚገኘው በሀብታም አገሮች ስለሆነ ብዙ ሰው ችግሩም የነሱ ይመስለዋል፤ ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሲሰላ ግን ሸክሙ የከበደው ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ነው።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በቤት፣ በጤና ተቋም፣ በበረት፣ በወንዝ ዳርና በመሥሪያ ቤት የሚፈጸሙ ናቸው። አንዳንዶቹን የሚፈጽመው ተራው ሰው ነው፤ አንዳንዶቹ ግን የባለሙያውና የባለሥልጣኑ ናቸው። ሁሉንም እኩል አላብራራቸውም፤ ስለ ጉንፋንና ስለ አሞክሲሲሊን ብዙ ተብሏል፣ ስለ ላም ወተትና ስለ ወንዝ ውኃ የተባለው ግን ጥቂት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ የአዋጁ ቁጥር ሲቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ብሎ ማሰብ

«አሞክሲሲሊን አይሠራልኝም፤ ሰውነቴ ለምዶታል» የሚለው አነጋገር በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ይሰማል። ይህ ስህተት የሌሎቹም ወላጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም የግሡን ባለቤት ያሳስታል። በአማርኛ «ለመደ» የምንለው ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሱስም ስለሆነ «መድኃኒት መላመድ» ሲባል አድማጩ ወዲያው የሚያስበው ስለ ገዛ ገላው ነው። የሚላመደው ግን ሰውነት አይደለም። የሚላመደው በአንጀታችን፣ በቆዳችን፣ በላም ጡት፣ በዶሮ ኩስና በፍሳሽ ውኃ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል፤ በተራባ ቁጥር ዘረመሉ ሲቀዳ ጥቃቅን ስህተቶች ይፈጠራሉ። ከቢሊዮኖቹ መካከል ጥቂቶቹ በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኬሚካል የሚያመርቱ፣ ወይም ወደ ውስጥ የገባውን መድኃኒት መልሰው የሚተፉ፣ ወይም መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ የቀየሩ ይሆናሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲጨርስ እነዚህ ጥቂቶች ባዶ ሜዳ አግኝተው ይባዛሉ። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ባክቴሪያዎች ይህን ችሎታ ፕላዝሚድ በተባሉ ቁራጭ ዘረመሎች አማካይነት እርስ በርስ መለዋወጣቸው ነው። ልውውጡ በአንድ ዝርያ መካከል ብቻ አይወሰንም፤ በዶሮ አንጀት ውስጥ ያለ ምንም ጉዳት የማያደርስ ባክቴሪያ በሰው ላይ በሽታ ለሚያመጣው ሊያቀብል ይችላል።

የግሡ ባለቤት ሲስተካከል ብዙ ነገር አብሮ ይስተካከላል። የሚላመደው ሰውነት ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ቀምሶ የማያውቅ ሰው ከችግሩ ነጻ በሆነ ነበር። የሚላመደው ጀርሙ በመሆኑ ግን ትናንት የተወለደ፣ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ያልቀመሰ ሕፃን ከተወለደበት ክፍል አልጋ ወይም ካዋላጇ እጅ መድኃኒት የማይበግረውን ጀርም ሊወስድ ይችላል። አንድ ሰው ያለ አግባብ የዋጠው ኪኒን ዕዳው በራሱ ላይ ብቻ የማይቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በማይመለከተው በሽታ ላይ መድኃኒቱን ማዋል

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይገድልም። ጉንፋን፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመምና ብዙው የሕፃናት ተቅማጥ በቫይረስ የሚመጡ ናቸው። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ብዙም የማይነገረው በምርመራ ስም የሚፈጸመው ስህተት ነው። ትኩሳት ይዞት ወደ ክሊኒክ ሄዶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ የከተማ ነዋሪ ማግኘት ሳይከብድ አይቀርም። ይህ ውጤት በአብዛኛው የሚመጣው ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ በተባሉ ሁለት የቆዩ የደም ምርመራዎች ነው። ምርመራዎቹ የሚያዩት ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነት በጀርም ላይ የሚያመነጨውን መከላከያ ነው፤ ይህ መከላከያ ደግሞ በቀድሞ ሕመም ወይም በሌላ ተመሳሳይ ጀርም ምክንያት በደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በሽታው በሰፊው በሚገኝበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ዊዳል ታይፎይድ መኖሩን ለማረጋገጥ አይበቃም፤ የሚያረጋግጠው በዋናነት የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ከደም ናሙና በላቦራቶሪ አራብቶ ማየት ነው። ካልቸር ቀናት ይወስዳል፣ ዋጋም አለው፣ በብዙ ጤና ጣቢያም አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ቢሆንም ውጤቱ በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ የማያጠያይቅ አድርጎ ማየት፣ «ሁለቱም አለብህ» የተባለ ሰውም በየሦስት ወሩ ተመላልሶ ሲፕሮፍሎክሳሲን መውሰዱ፣ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው። ታማሚው «ምርመራው ምን ያህል ያስተማምናል? ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

የቀኑን ብዛት በገዛ ፈቃድ መወሰን

ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ስለዚህ ጉዳይ አስጠንቅቆ ነበር። ጉሮሮውን የታመመ አንድ ሰው በምሳሌነት አነሣ። ሰውዬው ፔኒሲሊን ገዝቶ ጀርሙን ለመግደል የማይበቃ መጠን ይወስዳል፤ በሕይወት የቀረውና መድኃኒቱን የተማረው ጀርም ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ እርሷም በሳምባ ምች ስትያዝ ፔኒሲሊኑ አልረዳ ብሎ ትሞታለች። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በፍሌሚንግ ምሳሌ ውስጥም የሞተችው መድኃኒቱን ያበላሸችው ሰው አለመሆኗ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያደገው ትምህርት ግን በአንድ በኩል ብቻ አዘነበለ፤ «ጀምረኸዋልና እስከ መጨረሻው ዋጠው» የሚለው ምክር ያለ ልዩነት ለሁሉም በሽታ የሚሠራ ሕግ ተደርጎ ተወሰደ። ባለፉት ዓመታት የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች እንዳሳዩት ግን ለአያሌ የተለመዱ ሕመሞች አጭር ሕክምና ከረጅሙ እኩል ይሠራል፤ ሳይከብድ ለተያዘ የሳምባ ምች አምስት ቀን በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ መርዘሙ ደግሞ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ያለ ጥቅም ለመድኃኒቱ ማጋለጥ ነው። በሌላ በኩል ሳንባ ነቀርሳን የመሰለ በሽታ ለወራት የሚቀጥል ሕክምና ይፈልጋል፤ ሳሉ ስለቀለለ ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በራሱ ውስጥ ሊያሳድግ፣ ለቤተሰቡም ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ስህተቱ «ማሳጠር» ወይም «ማስረዘም» አይደለም፤ ለየትኛው በሽታ ስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቀውን ሰው ሳይጠይቁ መወሰኑ ነው። ሐኪሙም በበኩሉ ሰባት ቀን የሚጽፈው ማስረጃ ስላለው ነው ወይስ ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ፣ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል።

የተረፈውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥና ለጎረቤት ማካፈል የዚሁ ስህተት ቅጥያ ነው፤ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም እንዲሁ። መድኃኒቱ ያለ ማዘዣ በማይሸጥባቸው አገሮች የሚኖሩ አንዳንድ ወገኖቻችን ከአገር ቤት በሻንጣ ይዘው መሄዳቸው ዘዴኛነት ሊመስል ይችላል። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅማቸው ግን በቅርቡ በሌላ አገር ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር ለሐኪማቸው መንገር ነው፤ በኔዘርላንድስና በስዊድን እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የተላመደ ጀርም ይዞ እንደሆነ መመርመር የተለመደ አሠራር ነው።

«ጠንካራውን ስጡኝ»

መርፌ ከኪኒን ይበልጣል፣ ውድ ከርካሽ ይበልጣል፣ አዲስ ከአሮጌ ይበልጣል የሚለው እምነት በሕመምተኛው ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ ነው፤ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ስለሚገድልና በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ የበሽታው ምክንያት ባልታወቀ ጊዜ ሁሉ እጅ ወደ እርሱ ይሄዳል። ነገር ግን «ጠንካራ» የምንለው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ሳይሆን ሰፊ ነው፤ ማለትም የሚፈለገውን ጀርም ከሌሎች በኃይል የሚያጠቃ ሳይሆን የማይፈለገውንም የሚጨምር ነው። በሽታ አምጪው ከታወቀ ጠባቡ መድኃኒት ዒላማውን ይመታል፣ ጎረቤቱን አይነካም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን በሦስት ከፍሎ አስቀምጧል። በመጀመሪያው ክፍል እንደ አሞክሲሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊንና ክሎክሳሲሊን ያሉ፣ በቀዳሚነት ሊሰጡና በየቦታው ሊገኙ የሚገባቸው አሉ። ሁለተኛው ክፍል በጥንቃቄ የሚያዙትን የያዘ ነው፤ ሴፍትሪያክሶን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲን እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ ብቻ የሚወጣው መጠባበቂያ ነው። በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባደረገው ከፍተኛ ስብሰባ አገሮች በ2030 ለሰው ከሚውለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ክፍል እንዲሆን ግብ አስቀምጠዋል። እዚህ ላይ ለመድኃኒት ገዥው የሚጠቅመው ዝርዝሩን መሸምደድ አይደለም፤ ርካሹንና አሮጌውን የጻፈለት ሐኪም እንዳልናቀው ማወቁ ነው።

በረቱን መርሳት

ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ የሚወዳደራት የለም። ከብቱ ሲታመም የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ በአብዛኛው ለሰው ከሚሰጠው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን በየእንስሳት መድኃኒት መሸጫው ይገኛሉ። በበረት የሚፈጸሙትን ስህተቶች በአንድ ርዕስ ሥር ማጎሬ በየራሳቸው ትንሽ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ሁሉም የሚመነጩት «ለከብት ነው» ከሚል ቸልታ ስለሆነ ነው።

አንደኛው መጠኑን በዓይን መገመት ነው። የመርፌው መጠን በክብደት የሚሰላ ሆኖ ሳለ ለጥጃውም ለበሬውም ተቀራራቢ መጠን ይሰጣል። ሚዛን በሌለበት የደረትን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመት ከዓይን እጅግ ይሻላል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም ዘዴውን ያውቁታል።

ሌላው በቫይረስ የሚመጡትን የእንስሳት በሽታዎች በፀረ ባክቴሪያ ለማከም መሞከር ነው። ፈንግል የገባበት ቤት የመጀመሪያው መፍትሔ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከሰው መድኃኒት ቤት ገዝቶ በዶሮዎቹ ውኃ ውስጥ መበጥበጥ ይሆናል። ፈንግል ግን ቫይረስ ነው፤ መድኃኒቱ ዶሮዋን አያድናትም፣ በአንጀቷ ያለውን ባክቴሪያ ግን ያስተምራል። በአንጻሩ የፈንግል ክትባት በአገር ውስጥ፣ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። አፍተግርም ቫይረስ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በቫይረስ በሽታ ላይ ፀረ ባክቴሪያ የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ቆዳው ቆስሎ ባክቴሪያ ሲገባበት። ይህ ግን የሐኪሙ ውሳኔ እንጂ የመርፌ ባለቤት ሁሉ ውሳኔ አይደለም።

ሰፋ አድርጌ ላነሣው የምፈልገው የወተቱን ጉዳይ ነው። የጡት በሽታ የያዛት ላም መድኃኒት በመርፌ ወይም በጡቷ ቀዳዳ ከተሰጣት በኋላ መድኃኒቱ ለተወሰኑ ቀናት ከወተቷ ጋር ይወጣል። ወተቱ ለሰው መሰጠት የሌለበት ጊዜ በመድኃኒቱ መለያ ላይ ተጽፏል፤ ከምርት ምርትም ይለያያል። ለአንድ ላም ባለቤት ይህን ወተት መድፋት የሳምንት ገቢ መድፋት ስለሆነ ምክሩ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ወተት የሚያረጉ ሰዎች ነገሩን ሳያውቁት ያውቁታል፤ አንዳንድ ቀን እርጎው አልረጋ የሚለው ዕቃው ስላልታጠነ ላይሆን ይችላል። ወተትን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ናቸውና በወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት እነርሱንም ይገድላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ወተትን ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ የተላመደውንም ጭምር፤ የመድኃኒቱን ቅሪት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋም። ስለዚህ «አፍልቼዋለሁ» የሚለው መልስ ለመጀመሪያው ችግር እንጂ ለሁለተኛው አይሠራም። ለሥጋም እንደዚሁ ነው፤ በመርፌ ታክሞ የመድኃኒቱ ጊዜ ሳያልፍ የታረደ በሬ ሥጋው ቢበስልም ቅሪቱ ሊኖር ይችላል። ጥሬ ሥጋ አትብሉ ብዬ ለመምከር ድፍረቱም ተስፋውም የለኝም፤ ነገር ግን በጥሬ ሥጋ ጊዜ ሁለቱም ችግሮች አንድ ላይ ወደ ገበታው እንደሚቀርቡ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ጤነኛ እንስሳ ቶሎ እንዲወፍር በመኖ ውስጥ መድኃኒት መጨመር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ከልክሏል። ለምን እንደተከለከለ በተሻለ የሚያስረዳው ግን የቻይናው ታሪክ ነው። ኮሊስቲን በሆስፒታል ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚወጣ መጠባበቂያ ሲሆን በቻይና ለዓመታት በአሳማ መኖ ውስጥ በገፍ ይጨመር ነበር። በ2015 መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ፣ በፕላዝሚድ የሚተላለፍ ዘረመል በአሳማዎች፣ በገበያ ሥጋና በሆስፒታል ሕመምተኞች ላይ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ብዙም ሳይቆይ ዘረመሉ በሌሎች አህጉራትም ተገኘ። ቻይና በ2017 ኮሊስቲንን ለማወፈሪያ መጠቀምን ከለከለች፤ ከዚያ በኋላ በአሳማዎችም በሰዎችም ላይ የተላመደው ባክቴሪያ መቀነሱ ታይቷል። ታሪኩ ሁለት ፊት አለው፦ በአሳማ በረት የተሠራ ስህተት እስከ ሆስፒታል ድረስ ይሄዳል፤ በረቱ ሲታረም ደግሞ ውጤቱ ሆስፒታል ድረስ ይደርሳል።

«ውኃ ይወስደዋል»

ሰውም ሆነ ከብት ከወሰደው መድኃኒት ብዙው ሳይለወጥ በሽንትና በሰገራ ይወጣል፤ ቴትራሳይክሊን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ሽንት ቤቱ፣ የሆስፒታሉ ቱቦ፣ የቄራው እጣቢና የበረቱ ፍግ ሁለት ነገር ይዘው ይወርዳሉ፤ አንዱ መድኃኒቱ ነው፣ ሁለተኛው የተላመደው ጀርም። ወንዝ ይህን አቅጥኖ ያጠፋዋል የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው፤ በጥቂቱ ያለ መድኃኒት ጀርሙን አይገድለውም፣ ያለማምደዋል እንጂ። ተራ የፍሳሽ ማጣሪያም የተሠራው ቆሻሻውን ለመቀነስ እንጂ የተላመዱ ጀርሞችን ዘረመል ለማስወገድ አይደለም።

የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው የቤቱን፣ የፋብሪካውንና የጤና ተቋሙን ፍሳሽ ተቀብለው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። በዳርቻቸው የሚለማው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይገባል። ጎመኑ ስለሚቀቀል አደጋው ይቀንሳል፤ ሰላጣው ግን በጥሬው ይበላል። አትክልት አምራቹን መውቀስ እዚህም አይጠቅምም፤ ውኃውን ያቆሸሸው እርሱ አይደለምና።

ከዚህ የከፋውን ለማየት የሕንዱን ሃይደራባድ ማንሣት ይቻላል። በ2007 በወጣ ጥናት ከከተማው አጠገብ በፓታንቼሩ የበርካታ መድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከሚቀበል ማጣሪያ በወጣ ውኃ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ፤ ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው የሚበልጥ ነው። በርካሽ የሚሸጠው ኪኒን ዋጋው ርካሽ የሆነው በከፊል ወንዙ ስለከፈለለት ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ ባክቴሪያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን እንዴት እንደሚይዙ የሚያሳይ መመሪያ ያወጣው በ2024 ነው።

በቤት ደረጃ ሊታረሙ የሚችሉት ሁለት ናቸው። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሽንት ቤት ውስጥ አለመጣልና ትኩስ ፍግን ለጥሬ በሚበላ አትክልት ላይ አለመጠቀም፤ በደንብ ተከምሮ፣ ሙቀቱ ወጥቶ የበሰለ ኮምፖስት ብዙዎቹን ጀርሞች ይቀንሳል።

ነገሩ የባክቴሪያ ብቻ እንደሆነ ማሰብ

ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ክሎሮኩዊንን ስለተላመደ ኢትዮጵያ ለዚህ ወባ በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ እርሱም ሲከሽፍ በ2004 ወደ ኮአርተም መድኃኒቷን ቀይራለች። ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስም በብዙ አካባቢ የቆዩትን መድኃኒቶች ተላምዷል። ከብቱ በመርፌው አልድን ሲል ደጋግሞ መውጋት መልሱ አይደለም።

መፍትሔው መከልከል ብቻ እንደሆነ ማሰብ

በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመድኃኒትን ሽያጭና አያያዝ ይገዛል፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም በማዘዣ የሚሸጡ ናቸው። ሆኖም ጤና ጣቢያ በሌለበት ቀበሌ ማዘዣን ብቻ ማጥበቅ የሚያስከትለው የታመመውን ሕፃን ያለ መድኃኒት ማስቀረት ሊሆን ይችላል። በአፍሪካ ብዙ ሰው የሚሞተው ትክክለኛው መድኃኒት በትክክለኛው ጊዜ ስለማይደርሰው ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የዚህን ሚዛን ክብደት በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተደረገው፣ ዓይን ስለሚያሳውረው ትራኮማ የተካሄደ ጥናት ያህል የሚያሳይ አላውቅም። ከ2006 ጀምሮ በተመረጡ መንደሮች ሕፃናት ትራኮማን ለማጥፋት በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ተሰጣቸው። በዓመቱ መድኃኒቱን የተላመደ፣ የሳምባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ በአፍንጫቸው የተገኘባቸው ሕፃናት ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ አደጉ። በዚያው ጥናት ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት ሕፃናት መካከል የሞቱት ካልወሰዱት አንጻር ሲታይ ግማሽ ገደማ ነበሩ። በሌሎች የኢትዮጵያ መንደሮች እንደታየውም ዕደላው ሲቆም የተላመደው ጀርም ድርሻ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። እንግዲህ ዕደላው ስህተት ነበር? እኔ አይመስለኝም፤ ስህተት የሚሆነው ጥቅሙን ቆጥሮ ዋጋውን አለመቁጠር፣ ወይም ዋጋውን ቆጥሮ ጥቅሙን መካድ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ለክተዋል።

መድኃኒት ሳይነኩ መድኃኒትን የሚያድኑ ነገሮችም አሉ። ኢትዮጵያ በ2011 የሳምባ ምችን፣ በ2013 የሮታ ተቅማጥን ክትባት ጀምራለች፤ ያልታመመ ሕፃን ኪኒን አይታዘዝለትም። በማዋለጃ ክፍል የሚፈስ ንጹሕ ውኃና ሳሙናም የሚመደበው እዚሁ ነው፤ የብዙ ተቋማት በጀት ግን በሌላ አምድ ነው የሚጽፈው።

አካባቢን መጨረሻ ላይ መጥራት

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ዕቅድ በማውጣት ረገድ ከዘገዩት አገሮች አይደለችም። ከ2021 እስከ 2025 የተዘጋጀው ስትራቴጂ በርዕሱ «አንድ ጤና» የሚለውን አካሄድ ይዟል፤ ትርጉሙም የሰው፣ የእንስሳና የአካባቢ ጤና አብረው ይታዩ ማለት ነው። በተግባር ግን በየትም አገር የሰው ጤና መሥሪያ ቤት ቀድሞ ይቀመጣል፣ የእንስሳት ጤና ይከተላል፣ አካባቢ ጥበቃ የሚጠራው ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ነው። ዓለም አቀፎቹም ከዚህ አላመለጡም፦ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለዓመታት በሦስት ሲሠሩ ቆይተው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በይፋ አራተኛ ሆኖ የገባው በ2022 ነው። ዓለም አቀፉ የድርጊት መርሐ ግብር የጸደቀው ግን በ2015 ነበር።

መለያየቱ የሚጎዳው ስብሰባው ላይ ሳይሆን ቆጠራው ላይ ነው። ሆስፒታሉ የራሱን ጀርም በራሱ ዘዴ ይቆጥራል፣ የእንስሳት ላቦራቶሪው በሌላ ዘዴ ሌላ ጀርም ይመረምራል፣ የውኃ ጥራት ባለሙያው ስለ ብረትና ስለ ኦክስጅን ይለካል፤ ሦስቱ ሪፖርቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንኳ አይነጻጸሩም። ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ቀላል ዘዴ አውጥቷል። በሦስቱም ቦታ የሚፈለገው አንድ ጀርም ብቻ ነው፤ ሴፍትሪያክሶንንና ዘመዶቹን የተላመደ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ። ናሙናው ከሆስፒታል ሕመምተኞች ደምና ከነፍሰ ጡር እናቶች፣ ከገበያ ዶሮ አንጀት፣ ከፍሳሽና ከወንዝ ይወሰዳል፤ ምርመራውም ተራ የባክቴሪያ ላቦራቶሪ ሊሠራው የሚችል ነው። ከወንዙ የሚቀዳው ሁለት ጊዜ ነው፦ ወደ ከተማው ከመግባቱ በፊትና ከከተማው ከወጣ በኋላ።